አንሙትና የአሸዋው ገበታ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ብዙ ነው፤ እንደ አንሙት መቅደም የሚወድ ግን የለም። ለቅሶ ቤት ከዘመድ ቀድሞ ይደርሳል። አንድ ጊዜማ ታማሚው ገና ሳይሞት ደርሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጅ ላይ ሲቆም ታማሚው ራሱ በመስኮት አየው ይባላል። ሰውየው ከንዴቱ ብዛት ተነሥቶ ዳነ። አንሙት ግን እስከ ዛሬ ድረስ «እኔ ቀድሜ ባልደርስ ኖሮ አይተርፍም ነበር» ይላል። ሁዳዴ ሲገባ ጎረቤቱ ቀምሶ እንደሆነ በአጥር አጮልቆ ሳያይ አፉ ላይ እህል አያደርግም፤ መብላቱን ካረጋገጠ በኋላ አጥሩን ደገፍ ብሎ «እኔ እንኳ ገና ነኝ» ይለዋል። ሚስቱ ዘቢደር «የእኔ ባል ጥላው ከፊቱ ከወደቀ መንገድ ይቀይራል» ትላለች። ቀልድ መስሏቸው የሚስቁ አሉ፤ ከእርሱ ጋር ገበያ ደርሰው የተመለሱ ግን አይስቁም።

ይህ ሰው ነው፣ ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ ወደ ወይዘሮ ስሜነሽ ጠጅ ቤት ጓዳ የገባው።

የስሜነሽ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ይላል። የፊተኛው ክፍል እንደማንኛውም ጠጅ ቤት አግዳሚ ወንበርና ብርሌ ነው። ከጓዳው ግን እሑድ እሑድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ሳቅ ይሰማል። ሳቁ ደግሞ የሰካራም ሳቅ አይደለም፤ ረጅም ነገር አዳምጦ መጨረሻው ላይ የሚፈነዳ የደስተኛ ሰው ሳቅ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ በነበረው አንድ እሑድ አንሙት ብርሌውን ይዞ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ሳቁ ደጋግሞ ሲፈነዳ አላስቀምጥ አለው። እርሱ በሌለበት አንድ ነገር እየተካሄደ ነበር።

«እዚያ ውስጥ ምንድን ነው?» አለ።

«ጦርነት ነው» አለች ስሜነሽ እየቀዳች።

«ማን እያሸነፈ ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን «የምን ጦርነት?» ብሎ በጠየቀ ነበር። ስሜነሽ ዛሬ ስታወራው «እዚያች ላይ ነቅቼ በሩን መቀርቀር ነበረብኝ» ትላለች። እርሷ ግን የዋህ ናትና መጋረጃውን ገልጣ አስገባችው።

በጓዳው መሐል መረቡ የጠፋ አሮጌ የፒንግፖንግ ጠረጴዛ ነበር። ዳር ዳሩ በጣውላ ታጥሮ በወንዝ አሸዋ ተሞልቷል። አሸዋው እየተቆለለና እየተጎደጎደ ተራራና ሸለቆ ሆኗል፤ ሰማያዊ ጨርቅ ወንዝ፣ የክብሪት ቀፎ መንደር፣ የጥድ ቅርንጫፍ ጫካ ሆኗል። በዚህ አገር ላይ ሁለት ጦር ተፋጦ ቆሟል። የአንደኛው እግረኛ ባቄላ ነው፣ የሌላኛው ሽምብራ። ፈረሰኛው የቢራ ቆርኪ ነው፤ መድፉም የእስክሪብቶ ክዳን።

ይህን ያበጁት ሻምበል ድረስ ናቸው። ሻምበል የቀድሞው ሠራዊት መኮንን ነበሩ፤ ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግራቸው አገራቸው ገብተው፣ አሁን ሬዲዮና ቴፕ እየጠገኑ ይኖራሉ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲስቁ እንኳ ማንንም የማያስደነግጡ ሰው ናቸው። በጦር ትምህርት ቤት መኮንን ውጊያ የሚማረው በአሸዋ ገበታ ላይ ነው። ሻምበል ያንን ትምህርት ወደ ጨዋታ ለወጡትና ሁለት ሰው አስተማሩ፤ አንዷ ባለቤቲቱ ስሜነሽ ናት፤ ሌላው መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ፣ ዲማ ቅኔ ተምረው ደብረ ወርቅ ያስተማሩ፣ አሁን ማርቆስ የተቀመጡ የቅኔ ሰው።

ሕጉ ቀላል ነበር። ተራ የደረሰው ጦሩን አንድ ስንዝር ያራምዳል። ሁለት ጦር ሲገናኝ የሉዶ ዳይስ ይጣልና ብዙ ያወጣው ያሸንፋል። ስንዝሩ የየራስ ነው። መሪጌታ ጣታቸው ረጅም ስለሆነ ጦራቸው ይገሠግሣል፤ ስሜነሽ እጇ ትንሽ ናትና «የእኔ ወታደሮች ቁርስ ሳይበሉ አይንቀሳቀሱም» እያለች ትከተላለች። ከጠረጴዛው ተንከባሎ የወደቀ ሽምብራ ከድቷል ይባላል፤ ባለቤቱ ግን «ሠርግ ተጠርቶ ነው» ብሎ ምሕረት ሊለምንለት ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረ፦ ጦርነቱ ሲያበቃ ታሪኩን የሚያወራው የተሸነፈው ነው። ያሸነፈው ጠጅ እየቀዳ ዝም ብሎ ያዳምጣል። የተሸነፈው እንዳሻው ይዋሻል፣ ያለቅሳል፣ ይፎክራል። መሪጌታ በተሸነፉ ቁጥር ለወደቀው ባቄላ ሁሉ ሙሾ ያወርዱ ነበር፤ ባቄላው እናት አለው፣ እጮኛ አለው፣ የተጣላው ወንድም አለው። ያ ሁሉ ሳቅ የሚመጣው ከዚያ ነው።

«ተሸናፊው?» አለ አንሙት ሕጉ ሲነገረው። «አሸናፊው ለማለት ነው?»

«ተሸናፊው» አሉ ሻምበል።

አንሙት ፈገግ አለ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ሕጋቸው ግን ገና አልበሰለም። ቀስ እያለ ያስተካክልላቸዋል።

በመጀመሪያው እሑድ ስሜነሽን ገጠመና አሸነፈ። ስሜነሽ ወገቧን ይዛ ተነሥታ የጦሯን ታሪክ ጀመረች፤ ፈረሰኞቿ ውጊያው እንደተጋጋለ አንዲት መበለት ገብስ ስታጭድ አይተው ሊያግዟት ስለሄዱ እንደተሸነፈች አወራች። መሪጌታ በሳቅ ፈረሱ። አንሙት ጠጁን እየቀዳ «እንዲያ አይደለም» አለ። «ፈረሰኞችሽን እኔ ነኝ በወንዙ በኩል የከበብኳቸው። የምን መበለት ነው?» ስሜነሽ ታሪኳን አቋርጣ አየችው። ከዚያ ቀጠለች፤ ግን መበለቲቱን ቶሎ ወደ ቤቷ አስገባቻት።

በሚቀጥለው እሑድ አንሙት የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ መጣ። «ስንዝር መለኪያ አይደለም» አለ። «መሪጌታ ጣታቸው ረጅም በመሆኑ ብቻ ያለ ላብ አገር ይይዛሉ። ፍትሕ ነው የምለው።» በፍትሕ ላይ የሚከራከር አልተገኘም። ስንዝሩ ቀረ፤ ከስንዝሩም ጋር የስሜነሽ ወታደሮች ቁርስ ቀረ። ቀጥሎ ዳይሱ በእጅ መጣሉ ያጠራጥራል ተብሎ በጣሳ ተናጠ። ከዚያም ወድቆ የተገኘ ሽምብራ የትም ተጠርቶ ቢሆን ምሕረት እንደማይደረግለት አንሙት አወጀ። ሁሉንም ሲያደርግ ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ልጅ እንደሚያስተምር ሰው ነበር የሚታገሠው።

ቤቱ ገብቶም አላረፈም። ወለሉ ላይ አመድ በትኖ ዘቢደርን ተቃራኒ ጦር አድርጎ መለማመድ ጀመረ። ዘቢደር በአንድ እጇ ወጥ እያማሰለች በሌላ እጇ ሽምብራዋን እየገፋች አሸነፈችው። «እንደገና» አለ። እንደገና አሸነፈችው። ከዚያ ወዲያ በአንሙት ቤት ሽምብራ ለሽሮ ብቻ ሆነ።

ጓዳ ውስጥ ግን ያሸንፍ ነበር። እሑድ በመጣ ቁጥር ያሸንፋል፤ ባሸነፈ ቁጥርም የሌሎቹ ጠባይ ይከፋል። ፉክክር እንደ እከክ ነው፤ አንዱ ሲያክ ሌላውን ይበላዋል። ስሜነሽ ዳይስ ለሚጥል ተጋጣሚዋ ከባዱን ጠጅ ትቀዳ ጀመር። ትሕትናን በየአውደ ምሕረቱ የሰበኩት መሪጌታ ወደ ገበታው ሲያጎነብሱ የቀሚሳቸው ሰፊ እጅጌ ሦስት አራት ባቄላ ጠርጎ ወደፊት ያሻግር ነበር፤ አንሙት ሲይዛቸው «ነፋስ ነው» አሉ፤ መስኮቱ ግን ዝግ ነበር። ሻምበል ብቻ እንደ ድሮው እየተጫወቱ እንደ ድሮው ይሸነፉ ነበር፤ ግን ታሪካቸው እያጠረ ሄደ። በፊተኛው ክፍል የሚጠጡ ሰዎች «ምነው፣ እዚያ ውስጥ ሰው ታመመ እንዴ?» እያሉ ስሜነሽን ጠየቋት። ሳቅ የለም፤ የሚሰማው የጣሳ መናጥና «ለካ፣ እንደገና ለካ» የሚል ድምፅ ነው።

ለዳግማይ ትንሣኤ አንሙት ዋንጫ ገዝቶ መጣ። ማንም አልጠየቀውም። ቢጫ፣ ሁለት ጆሮ ያለው፣ የእግር ኳስ ቡድን የሚሸለመው ዓይነት ዋንጫ ነበር። ግርጌው ላይ ስሙ ተቀርጾበታል። ስሜነሽ ጽሑፉን አነበበችና «ውድድሩ እኮ ገና ዛሬ ነው» አለችው።

«ቀራጩ በበዓል ሥራ ይበዛበታል» አለ አንሙት። «ከወዲሁ ማስቀረጹ ይሻላል ብዬ ነው።»

ቀራጩም አላሳፈረውም፤ ማታ ሳይደርስ አንሙት ሁሉንም ድል አድርጎ ዋንጫውን ለራሱ አበረከተ፤ ራሱም ተቀበለ። አጨብጭቡ ሲላቸው አጨበጨቡ። መሪጌታ ብድግ አሉና ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፦

«አንሙት፣ ገበታህ ሞልቶ ጎረቤት የራቀህ፣
ሌላ ምን ተገኝቶ፤ አቃጥሎን ነው ድልህ።»

ሻምበል ብርሌያቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። ስሜነሽ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አንሙት ግን ቅኔውን ተቀብሎ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ሰሙ ስለ በርበሬ ድልህ እንደሆነ ገብቶታል፤ ወርቁም ስለ ድሉ እንደሆነ ገብቶታል። ያቃጠላቸው መሆኑን በገዛ አፋቸው አመኑለት፤ ከዚህ የበለጠ ምን ምስጋና አለ? ማታ ለዘቢደር ደጋግሞ አሰማት። ዘቢደር ሰማችውና ዋንጫው ውስጥ ሽንኩርት አስቀመጠች።

መሪጌታ በበኩላቸው ቅኔው ከሰውየው ላይ እንደ ዝናብ ከድንጋይ ላይ ሲንሸራተት አይተው ሌላ መንገድ አሰቡ። በሚቀጥለው እሑድ ተራቸው ሆነና ጦራቸውን ደረደሩ። አንሙት ሜትሩን ዘርግቶ የመጀመሪያውን ርምጃ ሊለካ ሲል መሪጌታ ነጭ መሐረባቸውን አወጡና ከፍ አደረጉት።

«ተማርኬያለሁ» አሉ።

«ገና ምኑ ተጀመረና ነው የሚማረኩት?»

«ጀግንነትህን ከሩቅ አይቼ ልቤ ፈሰሰ። አሸንፈሃል። እንግዲህ ቅዳ፤ ታሪኩን ላውራ።»

አወሩም። የአያት ቅድመ አያታቸውን ባቄላ ከነእርሻው ጠርተው፣ የዘር ሐረግ ቆጥረው፣ ከበሬው ስም ጀምረው እስከ መሐረቡ ድረስ አወሩ። ፀሐይ ከመስኮቱ ወጥታ ሄደች። አንሙት ቆሞ እየቀዳ አዳመጠ፤ ሕግ ነው። ከሳምንት በኋላ ስሜነሽም ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ ተማረከች፤ ታሪኳን በዘፈን አደረገችው። ሳቁ ወደ ጓዳው ተመለሰ፤ የፊተኞቹ ደንበኞች እንኳ ብርሌያቸውን ይዘው መጋረጃው ሥር ቆመው ያዳምጡ ጀመር። አንሙት ግን ድሉን በእጁ ይዞ ጣዕሙ ጠፋበት። በሕይወቱ እንዲህ በቀላሉ ተሳክቶለት አያውቅም፤ እንዲህም ተሰቃይቶ አያውቅም።

ግንቦት መግቢያ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። ስሜነሽ የዘፈኗን አዝማች ለመድገም ስትነሣ ጠጅ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ሻምበል ዞረ።

«ሻምበል፣ ይህ ሕግ መቅረት አለበት። በየትኛው ዓለም ነው የተሸነፈ የሚያወራው? ማን ነው ያወጣው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሻምበል።

«ለምን?»

ሻምበል ብርሌያቸውን አሸዋው ዳር አስቀመጡ። «ሰሜን አንድ ተራራ ላይ ነበርን» አሉ። «ውኃ የለም። ያለነው ሰዎች ስንት እንደሆንን የበላዮቻችን አያውቁም፤ እኛም የበላዮቻችን የት እንዳሉ አናውቅም። የማዝዘው ጦር እዚያ ቀረ። የተረፍነው በእግር ወደየአገራችን ገባን። እዚህ ስደርስ ሰው ሁሉ ጠየቀኝ። ጠመንጃህን የት አደረስኸው አለኝ፤ ምን ይዘህ መጣህ አለኝ፤ ለምን ሸሻችሁ አለኝ። እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀኝ ግን አላገኘሁም። ያሸነፉት ግንቦት በመጣ ቁጥር በቴሌቪዥን ያወራሉ፤ ያውሩ፣ አሸንፈዋል። እኔ ግን ቢያንስ በራሴ ጠረጴዛ ላይ የተሸነፈ ሰው አውርቶ ይሂድ ብዬ ነው።»

መሪጌታ ቆባቸውን አወለቁ። ስሜነሽ ወደ መሬት አየች። አንሙትም ነገሩ ነክቶታል፤ ድንጋይ አይደለም። ችግሩ ልቡ ወደ ሻምበል ሲሄድ አእምሮው ቀድሞ ተራራው ላይ መድረሱ ነው።

«ይህ ተራራ» አለ ቀስ ብሎ፣ «በግራ በኩል ምን ነበረው?»

«በግራ?»

«አዎ፣ በግራ። እኔ ብሆን በግራ በኩል ነበር የምወጣው። በግራ ብትሄዱ ኖሮ ታሸንፉ ነበር።»

ስሜነሽ ከእጁ ላይ ብርሌውን ወሰደችበት። መሪጌታ ቆባቸውን መልሰው አጠለቁና አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሻምበል ግን እጃቸውን አነሡ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር።

«ሊሆን ይችላል» አሉ። «እሑድ ና፤ አሳየኝ።»

ሻምበል ሳምንቱን ሬዲዮ አልጠገኑም። አንሙት እሑድ ሲገባ የድሮው ወንዝና መንደር ጠፍቶ አንድ ራቁቱን የሆነ ተራራ ጠረጴዛውን ይዞታል። ለአንሙት የሻምበል ጦር ተሰጠው፤ ሽምብራ። ሻምበል የጠላትን ጦር ያዙ። ሜትሩም ጣሳውም እንዳለ ይሁን ተባለ፤ አንሙት ደስ አለው። አዲስ የተጨመሩት ሕጎች ጥቂት ነበሩ። ተራው በደረሰ ቁጥር አንሙት አንድ ሽምብራ ያነሣል፤ ውኃ ጥም ነው። ያለ በላይ አካል ፈቃድ መንቀሳቀስ አይችልም። የበላይ አካሉ መሪጌታ ናቸው፤ ከጓዳው ወጥተው በፊተኛው ክፍል፣ ገበታውን ሳያዩ ይቀመጣሉ። በመሐል መልእክት የምታመላልሰው ስሜነሽ ናት፤ ግን ደንበኛ ከጠራት ደንበኛውን ታስቀድማለች።

«ይህ ፍትሕ ነው?» አለ አንሙት።

«አይደለም» አሉ ሻምበል። «የነበረው ነው።»

አንሙት በግራ ለመውጣት ፈቃድ ጠየቀ። ስሜነሽ ሄደች። አንድ ሰው ጠጅ አዘዛት። አንሙት ሽምብራ አነሣ፤ ደግሞ አነሣ። ስሜነሽ መጣችና «‹ጽንሑ› ብለዋል» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«ግዕዝ ነው። ልጠይቅልህ?»

ሄደች። አንሙት ሽምብራ አነሣ። መሪጌታ ባለሥልጣንነቱ ተስማምቷቸው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው እግራቸውን ዘርግተው ነበር፤ ትርጉሙን ከነአገባቡ አስረድተው ሲጨርሱ ስሜነሽ ተመለሰች። «ጠብቁ ማለት ነው። ግን አሁን ሐሳባቸውን ቀይረው ‹ለምን እስካሁን አልወጣችሁም?› ብለዋል።»

አንሙት በግራ ወጣ። ሻምበል በትዕግሥት ጠበቁትና ጣታቸውን ወደ አሸዋው ሰደዱ። ከአሸዋው ሥር ጥቁር አዝሙድ ተዘርቶ ነበር። «ፈንጂ ነው» አሉ። «ግራውን እኛም አይተነው ነበር።»

የአንሙት ጦር ከተራራው ግማሽ ሳይደርስ አለቀ። «እንደገና» አለ። እንደገና አለቀ። በቀኝ ሞከረ፤ ፊት ለፊት ሞከረ፤ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሞከረና በበላይ አካሉ ትእዛዝ ከሥልጣን ተነሣ። ጀርባው በላብ ራሰ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተራራው ላይ አንድ ሽምብራ ቀረው፤ እርሱንም ለውኃ ጥሙ ራሱ ማንሣት ነበረበት። ጣቱ ሽምብራው ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ አነሣው።

«እንግዲህ» አሉ ሻምበል ጠጁን እየቀዱለት፣ «ተናገር።»

አንሙት ተነሣ። እንደ ሁሉም ተሸናፊ የሚያወራው ታሪክ ይኖረዋል ብለው ሁሉም ጆሯቸውን ሰጡት። አንሙት ግን በጣቱ እየቆጠረ ጀመረ። ጠረጴዛው ይንገዳገዳል፤ ዳይሱ ጠርዙ ተበልቷል። መልእክተኛዋ ዘገምተኛ ናት። የበላይ አካሉ ውጊያ የማያውቁ የቅኔ ሰው ናቸው። ሽምብራዎቹ ያለፈው ዓመት ናቸው፤ ነቅዘዋል፤ በነቀዘ ሽምብራ ማንም አያሸንፍም። የፊተኛው ክፍል ደንበኞች ይጮኹ ስለነበር ሐሳቡን መሰብሰብ አልቻለም። በአጠቃላይ እርሱ አልተሸነፈም፤ ተሸነፈ የሚባለው ሌላው ሁሉ ነው።

ሻምበል ድረስ መጀመሪያ ትከሻቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ። ከመጡ ጀምሮ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሳቅ ነበር፤ ጠረጴዛውን ይዘው፣ እንባቸው አሸዋው ላይ እየወረደ ሳቁ።

«ልክ ነህ» አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ። «ጄኔራሎቻችንም ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሉት። ከአንተ የሚለዩት ወታደሮቻቸው ሽምብራ ባለመሆናቸው ብቻ ነው።»

አንሙት ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ።

ሰው መስሎ መመለስ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ወፍጮ ቤቱ መጋዘን ውስጥ የራሱን ገበታ አሠራ። የስሜነሽ ጠረጴዛ እጥፍ ነበር። ሽንኩርቱን አውጥቶ ዋንጫውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሰዎች፣ ከደብረ ኤልያስ በቆሎ ይዘው የሚመጡ ነጋዴዎች፣ የወፍጮ ወረፋ የሚጠብቁ ሁሉ ገቡበት። በዚህኛው ገበታ ላይ የሚያወራው ያሸነፈው ነው። ሁሉም ለማውራት ስለፈለገ ሁሉም ለማሸነፍ ፈለገ። ሁለት አማቾች ተኳርፈው በየፊናቸው ሄዱ። አንድ የደብረ ኤልያስ ነጋዴ ዳይሱ ሲከዳው የተጋጣሚውን አዛዥ፣ የተቆላ ባቄላ ነበር፣ አነሣና ዋጠው። ሕጉ ስለ መዋጥ የሚለው ነገር አልነበረም። ተጋጣሚው አዛዡን እንዲመልስለት አንገቱን አነቀው፤ ገላጋይ መጣ፤ ገላጋዩም ለአንደኛው ወገን አደላ ተብሎ ተመታ። ከዚያ ወዲያ ሰው እህሉን ሌላ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት መረጠ።

ክረምቱን አንሙት ብቻውን ተጫወተ። ዝናቡ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ሲደበድብ ቀኝ እጁ ባቄላውን፣ ግራ እጁ ሽምብራውን ይዘው ይዋጋሉ። ዘቢደር ምሳ ይዛለት ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ማን አሸነፈ?»

«ቀኝ።»

«ግራው አላኮረፈም?»

ዘቢደር ምሳውን ጠረጴዛው ላይ፣ ተራራውን ደርምሳ አስቀመጠችው። «ሰውየው» አለች፣ «አንድ ቀን እዚያ ቤት ሂድና ተሸንፈህ ና። እኔ እንኳ እቤት ስሸነፍልህ የኖርኩት ጠላ ቤት እንዳትውል ብዬ ነው።»

«ተሸንፈሽልኝ አታውቂም» አለ አንሙት።

«እሱም አለ» አለች ዘቢደር።

መስቀል ካለፈ በኋላ በነበረው እሑድ አንሙት የስሜነሽን መጋረጃ ገለጠ። ሜትር አልያዘም። ማንም ተነሥቶ አላቀፈውም፤ ያባረረውም የለም። ስሜነሽ ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችለትና «ከመሪጌታ ጋር ትገጥማለህ፤ በስንዝር ነው» አለችው። ጨዋታው እንደተጀመረ አንሙት ጥርሱን ነክሶ ለማሸነፍ ታገለ፤ ከዚያ ሌላ መጫወት አልፈጠረበትም። መሪጌታ ግን በዚያ ረጅም ጣታቸው ገሠገሡና ጦሩን ወንዙ ዳር ደመሰሱት። አንሙት ባዶውን አሸዋ አየ።

ተነሣ። በዳይሱ ጀመረ፤ ልማድ ነው። ዳይሱ ጠርዙ እንደተበላ ተናገረ። ከዚያ ወደ ሽምብራዎቹ ሄደ፤ ነቅዘዋል አለ። «አንዱ በተለይ» አለ፣ «አንዱ በተለይ በጣም ነቅዞ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ነቀዝ ይዞ ነው የዘመተው። ነቀዙም መዝመት አልፈለገም።» እዚህ ላይ ራሱም ቆም አለ፤ ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም። ግን ነቀዙ ሄደ። ነቀዙ ሽምብራውን ከውስጥ ሆኖ ወደ ኋላ አዞረው፤ ሽምብራው ወደፊት ሲል ነቀዙ ወደ ኋላ፣ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ዓባይ ደረሱ፤ በጀልባ የሚያሻግረው ሰውዬ ለሁለት ሰው ነው ለአንድ ሰው ነው የማስከፍላችሁ ብሎ ግራ ገባው። ስሜነሽ ወንበሯን ይዛ ሳቀች። ሻምበል ሳቁ። መሪጌታ አሸናፊ ናቸውና ዝም ብለው መቅዳት ሲገባቸው ጠጁን ከብርሌው አሳልፈው ቀሚሳቸው ላይ አፈሰሱት።

አንሙት በእርሱ ይሳቁ በነቀዙ ይሳቁ እርግጠኛ አልነበረም። ሲጨርስ ግን ተቀምጦ አካባቢውን ቃኘና ወደ ስሜነሽ ዘንበል አለ።

«ለመጠየቅ ያህል ነው» አላት። «ከዚህ በፊት ከተሸነፉት ሁሉ የማን ወሬ ይበልጣል?»

ስሜነሽ የሚቀጥለውን ጦር መደርደር ጀመረች።

ማታ ቤቱ ሲገባ ዘቢደር «እንዴት ሆነ?» አለችው።

«ተሸነፍኩ» አለ ኮቱን እያወለቀ። «እንደ እኔ አድርጎ የተሸነፈ ሰው ግን በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። መሪጌታ ራሳቸው አምነዋል።»

መሪጌታ ምንም አላሉም ነበር። ዘቢደር «እሰይ» ብላ እራቱን አቀረበች።